አራተኛው ጉድጓድ

ጅማ ውስጥ ጎልፍ ተጫውቼ አውቃለሁ ስል የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም። የገዛ ልጆቼ እንኳ «አባባ ደግሞ ጀመረው» ተባብለው ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም። በዚያ ጨዋታ ሰበብ አንድ ሙሉ ጠዋት ሕይወቴ በአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ ተንጠልጥላ እንደዋለች ግን ለእነሱም ዘርዝሬ አልነገርኳቸውም። የሚያሳፍረኝ ነገር ስላለበት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስራገጥ፣ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ለቀምኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ከቦዬ ረግረግ በላይ ቡና የሚያለማ አንድ ስኮትላንዳዊ ዘንድ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሚስተር ሮይ ይባላል። ብዙ ዓመት አገራችን ኖሯል፤ አማርኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም፣ ኦሮምኛማ ጭራሽ። ለቃሚው፣ ገበሬው፣ የመንደሩ ሽማግሌ የሚለው ሁሉ ወደ እሱ ጆሮ የሚደርሰው በእኔ በኩል ብቻ ነበር። ሃያ ዓመቴ ነው፤ ይህ ምን ያህል ሥልጣን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሚስተር ሮይ የባሕር ዳር ሰው ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር እየዞረ፣ ስማቸውን የመንደራቸው ሰው ብቻ በሚያውቃቸው የባሕር ዳር የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ይጫወት እንደነበር ከሥራ በኋላ ሻይ እየጠጣ ያጫውተኛል። ትልልቆቹንና ዝነኞቹን አይወድም። የሚወዳቸው ሣራቸውን በግ የሚግጥላቸውን፣ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ሁለት ጉድጓድ በውኃ የሚዋጥባቸውን፣ ኳስ የሰው ጓሮ ገብታ ከጎመን መሐል የምትለቀምባቸውን ነበር። አንድ በጋ ከእርሻው ግርጌ፣ ረግረጉ ዳር ያለውን የግጦሽ ሜዳ በእርምጃ ለካና የራሱን ሠራ። «ባሕሬ ይኸው» አለኝ ወደ ረግረጉ እያሳየ። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ አመንኩት።

ሜዳው ስድስት ጉድጓድ ብቻ ነበረው። ባንዲራው ቀርከሃ ላይ የታሰረ የቡና ጆንያ ቅዳጅ ነው። ጉድጓዱ ዙሪያ ሣር አልመች ስላለ አሸዋ በተቃጠለ ዘይት ለውሰን ደለደልን። ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀበርናቸው ትልልቅ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ናቸው፤ ከጨዋታው ደንብ ሰፋ ይላሉ። «ላረጀ ሰው ሰፊ ጉድጓድ ይገባዋል» ይላል ሚስተር ሮይ። የዝናብ ውኃ እንዳያቁር የስድስቱንም ጣሳ ቂጥ በሚስማር ሦስት ሦስት ቦታ የበሳሁት እኔ ነኝ። የራሳችን ደንብም ነበረን። ኳስ የጉማሬ ዱካ ውስጥ ከገባች በነፃ ትነሳለች። ጉማሬው ራሱ ወጥቶ ሦስተኛው ጉድጓድ አካባቢ ከተኛ ደግሞ ሦስተኛው ይዘለልና ከዋርካው ሥር ወዳለው ወደ አራተኛው ይታለፋል። አጨዋወቱን አስተማረኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሱስ ሆነብኝ፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ዓይኔ ይቀላ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ መሬት የመንግሥት ሆነ፣ ሚስተር ሮይ ጓዙን ሸክፎ ሄደ። ሲሄድ አንድ የብረት ዱላ፣ ሁለት ኳስና በገዛ እጁ የነደፈውን የሜዳውን ካርታ ሰጠኝ። እኔ ከተማ ውስጥ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አረገዘች። ካርታውን ሻንጣዬ ታች ከትቼ ረሳሁት።

ሦስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ቀበሌያችን ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ተደረገ። ጊዜው ክፉ ነበር። በምሥራቅ ጦርነት አለ፣ በየከተማው ሰው ይታፈሳል፣ ሰርጎ ገብ የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም። ቤታችን የመጣው ካድሬ ጓድ ምንዳዬ ይባላል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ቀጭን ወጣት። ሻንጣዬን ገለበጠና ካርታውን አነሳ። ስድስት ቁጥር ያላቸው ባንዲራዎች፣ ቀስቶች፣ ርቀት የሚያሳዩ ቁጥሮች፣ የውኃ ምልክት፣ ዳር ዳሩን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የጨዋታ ሜዳ ነው ጓድ። ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በዱላ ኳስ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው።»

«እዚህ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?»

«ነፋሱ ከደቡብ ይነፍሳል ይላል።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለኳስ ጨዋታ ነፋስ ምን ይሠራል? ነፋስ የሚያስፈልገው በጃንጥላ ለሚወርድ ወታደር ነው።»

ሚስቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ስትንሸራተት አየሁ። ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስደው የቀሩ ሰዎች ከእኛው መንደር ነበሩ፤ እሷም እኔም ስማቸውን እናውቃለን።

በማግሥቱ ጠዋት ጓድ ምንዳዬ ካሳደረኝ ከቀበሌው እስር ቤት አስወጥቶ ላንድሮቨር ላይ ጫነኝ። ዱላውና ኳሶቹ በኤግዚቢትነት አብረውን ተጫኑ። ከእኛ ጋር ያለው አንድ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ጓድ ምንዳዬ እንዲህ አለኝ፤ «ስድስት ጉድጓድ አለ ብለሃል። ታሳየኛለህ። ካሉ ቤትህ ትገባለህ። ከሌሉ…» ብሎ ተወው።

«አሉ። በየጉድጓዱ ጣሳ አለ፣ የጣሳው ቂጥ በሚስማር ሦስት ቦታ ተበስቷል። የበሳሁት እኔ ነኝ» አልኩት። በትንሽ ደብተር ጻፈው።

ስንደርስ ሜዳዬን አላወቅሁትም። ባንዲራ የለም፣ አሸዋው በሣር ተሸፍኗል፣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። አንደኛው ጉድጓድ ነው ባልኩት ቦታ ተንበርክኬ በዱላው ጫርኩ። አፈር ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦታ በእጄ ቆፈርኩ፣ ምንም የለም። ላብ ሲያጠምቀኝ ጓድ ምንዳዬ ኳሷን ከኪሱ አውጥቶ «እስቲ ጨዋታውን አሳየኝ» አለኝ። መታኋት። ስቼ አናቷን ስለመታኋት ሦስት እርምጃ ያህል ተንከባልላ ቆመች። ጠባቂው ሳቀ፤ ጓድ ምንዳዬ አልሳቀም። ሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ጭቃው በጉማሬ ዱካ ታርሷል፤ ጣሳ ግን የለም። ደብተሩ ላይ «ሦስት፣ የለም» ብሎ ሲጽፍ እርሳሱ ወረቀቱን ሲጭረው ሰማሁ።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ዋርካው ሥር ያለውን ሰው ያየሁት። ከከብቶቹ መሐል ዘንጉን ተደግፎ ያየናል። አባ ዲጋ ናቸው። በምድር ላይ ሊያድኑኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ገባኝ። ሊያድኑኝ ምክንያት የሌላቸው ሰው እሳቸው መሆናቸውም ትዝ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ልናገር። ሜዳው የአባ ዲጋ አባት የግጦሽ መሬት ነበር። እርሻው ወደ ታች ሲሰፋ የእነሱ መሆኑ ቀረና በፈቃድ የሚያግጡ ሆኑ። አንድ ክረምት ቡሬ የምትባለው ጥገታቸው አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ገብቶ ተሰበረ። ሳትሞት አረዷት። በማግሥቱ ቆዳዋን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሚስተር ሮይ በረንዳ ድረስ መጡ። ካሣ አልጠየቁም። «እንዲጫወት አልከለከልኩትም። ሲመሽ ሲመሽ ብቻ ጉድጓዱን በድንጋይ ይክደንልኝ። ሌላ ላም የለኝም፣ ጊደሯ ብቻ ናት የቀረችኝ» አሉ። ሚስተር ሮይ ወደ እኔ ዞረ። የዚያን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንግዶች ጋር እንድጫወት ተፈቅዶልኛል። ላሟን ብነግረው ሜዳውን ይዘጋዋል ብዬ ፈራሁ። «ሰላም ሊልህ ነው የመጣው፤ ዝናቡ ጥሩ ነው ይላል» አልኩት። ሚስተር ሮይ ፈገግ ብሎ ጨበጣቸው። አባ ዲጋ ያንን ፈገግታ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቆዳውን አስተካክለው ሄዱ። እኔ ቅዳሜ ከእንግዶቹ ጋር ተጫወትኩ፤ ደኅና ተጫወትኩ።

አሁን ጓድ ምንዳዬ ወደ ዋርካው አመራ። «አባት፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» አላቸው በአማርኛ። አባ ዲጋ አማርኛ አይሰሙም። ጓድ ምንዳዬ ጠባቂውን አየ፤ ጠባቂው ኦሮምኛ አላውቅም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ተከሳሽ የራሱን ምስክር ሲተረጉም ደስ እንዳላለው ያስታውቃል፤ ሌላ ሰው ግን የለም። «ተርጉም» አለኝ።

በኦሮምኛ ጠየቅኋቸው። አባ ዲጋ ግን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ መለሱ። «ይህ ልጅ ኦሮምኛ አይሰማም?»

«አይሰማም አባ ዲጋ።»

«ጠመንጃ የያዘውስ?»

«እሱም አይሰማም።»

«እንግዲህ እንደ ድሮው አንተ ብቻ ነህ» አሉና ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ሀርአ ሲሪቲ ሂኪ።» ዛሬ አስተካክለህ ተርጉም ማለታቸው ነው።

ከዚያ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። «አውቀዋለሁ። ፈረንጁ ሙሴው ዘንድ ተርጁማን ሆኖ ይተረጉም ነበር። በዚህ ሜዳ ላይ በዱላ ኳስ ሲመቱ አራት ክረምት አይቻቸዋለሁ። አራተኛው ጉድጓድ አሁን የቆምኩበት ነው። ቡሬ እግሯን የሰበረችው እዚህ ነው። ቆዳዋን ተሸክሜ ሄጄ ለሙሴው ነገርኩት። ይህ ሰው አላደረሰልኝም። ሙሴው ሳቀ። ወላሂ፣ የከብት ሞት ተነግሮት የሚስቅ ሰው አላየሁም። ስለዚህ እንዳልነገረው አወቅሁ።»

«ምን አሉ?» አለ ጓድ ምንዳዬ።

መተርጎም ጀመርኩ። ኳስ ሲመቱ አይቻለሁ ብለዋል፤ አራተኛው ጉድጓድ የቆሙበት ነው፤ ላማቸው እግሯን የሰበረችው እዚህ ነው። እዚህ ላይ ምላሴ ቆመ። ለእኔ የሚበጀኝ አልቋል። የቀረው ደሃ ገበሬን ለባዕድ ባለሀብት ብሎ የበደለ ሎሌ የሚያደርገኝ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ብቻውን በቂ ወንጀል ነበር። የሚስቴ ሆድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ማንም አያውቅብኝም።

«ሌላስ? ብዙ ተናግረዋል እኮ» አለ ጓድ ምንዳዬ።

አባ ዲጋን አየኋቸው። እኔን አያዩም። የሚያዩት የጓድ ምንዳዬን ፊት ነው፤ ያን ጊዜ በረንዳው ላይ የሚስተር ሮይን ፊት እንዳዩት። ቋንቋውን ባያውቁም ቃላቸው መድረሱንና አለመድረሱን ከሰሚው ፊት ላይ ያነቡታል። ያን ቀንም አንብበውት ነበር። አፈርኩ። ከፍርሃቴ ይልቅ ሐፍረቱ በለጠብኝ።

«ቆዳዋን ተሸክሜ ሄጄ ነገርኩት፣ ይህ ሰው አላደረሰልኝም ይላሉ» አልኩ። ፈገግታውንም፣ እንዳልነገርኩ ያወቁበትንም አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ።

እርሳሱ ቆመ። «ይህ ሰው የሚሉት አንተን ነው?»

«እኔን ነው።»

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ጨዋታው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

የጓድ ምንዳዬ ፊት ጠቆረ። አባ ዲጋ ያን ጊዜ ራሳቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። «ኤዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሁን ደርሷል።» ዘንጋቸውን ነቅለው ወደ ጎጇቸው አመሩ፤ እንድንከተላቸውም በእጃቸው ምልክት ሰጡን።

ከጎጆው ጀርባ፣ የእንሰቱ ጥላ ሥር፣ ስድስት ዝገት የበላቸው የዱቄት ወተት ጣሳዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ የቡና ችግኝ አለ።

«ሙሴው እንደሄደ ጊደሯም እንዳትሰበርብኝ ብዬ ስድስቱንም ነቅዬ ጉድጓዱን ደፈንኩት» አሉ አባ ዲጋ። «ጣሳው ቂጡ የተበሳ ስለሆነ ውኃ አያቁርም፣ ለችግኝ ይመቻል።» ይህንንም ተረጎምኩ።

ጓድ ምንዳዬ አንዱን ጣሳ አንስቶ ችግኙን ከነአፈሩ በጥንቃቄ ገለበጠውና ቂጡን ወደ ብርሃን አዞረ። ሦስት ቀዳዳ ነው። ሁለተኛውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። የስድስቱንም አይቶ ሲጨርስ ችግኞቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰና እጁን አራገፈ። የገበሬ ልጅ እንደሆነ ከአያያዙ ታወቀኝ።

«ሎሌ ነበርክ» አለኝ፤ «ሰላይ ግን አይደለህም። ሎሌ የነበረ ሁሉ ቢታሰር ቦታ አይገኝም።» ካርታውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ዱላውንና አንዷን ኳስ እግሬ ሥር ጣለልኝ፣ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ሄደ። ከተማ ድረስ በእግሬ እንድመለስ ትቶኝ መሄዱን እንደ ስጦታ ነው የቆጠርኩት።

አባ ዲጋ ዱላውን በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉት። «አራት ክረምት ሙሉ አይቼ አልገባኝም። ምን እንደምትፈልጉበት አሳየኝ።»

ረግረጉ ዳር ወርጄ መታሁ። በሕይወቴ እንዲያ መትቼ አላውቅም። ኳሷ ተነስታ ውኃውን አቋርጣ ከማዶው ፊላ ውስጥ ጠፋች፤ ወፎቹ ብር ብለው ተነሱ። አባ ዲጋ ሌላ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል ትንሽ ጠበቁ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ሱብሃነላህ» አሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በዘንጋቸው ከለከሉኝ። «ነገሬን የላክሁት ለሙሴው ነው። አንተ መንገድ ላይ ይዘኸዋል፤ እስካሁን አልደረሰም። መጀመሪያ አድርስ። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ይህን ማድረስ ዓመታት ፈጀብኝ። በሰላይነት ተጠርጥሮ ለተለቀቀ ሰው ውጭ አገር ደብዳቤ መጻፍ ራስን መልሶ ማስያዝ ነው። እስከዚያው ሥራዬን ቀይሬ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆንኩ። ዳኞች «ማሳጠር አትችልም ወይ?» እያሉ ሲቆጡኝ ኖሬያለሁ፤ አልችልም ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አስተርጓሚ ባትሆኑም የሰው ቃል በእጃችሁ ሳያልፍ አይቀርም። የጎረቤት ቅሬታ፣ የሠራተኛ አቤቱታ፣ የእናት መልእክት። ለራሳችሁ እንዲመች ትንሽ ብታጎድሉ ማንም አያውቅም ትሉ ይሆናል። ባለቤቱ ያውቃል። ተናግሮ ሲያበቃ የሚያየው የሰሚውን ፊት ነው።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሐኪም አገኘሁና ደብዳቤዬን ሰደድኩ። ስለ ቡሬ፣ ስለ ቆዳዋ፣ ስለ ድንጋይ ክዳኑ፣ ስለ ውሸቴ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። የሚስተር ሮይ የእጅ ጽሑፍ ተንቀጥቅጧል። ያንኑ ቀን ቦዬ ወረድኩ።

አባ ዲጋ ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጃፋቸው ላይ ቁርበት ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጓሮው ውስጥ ከጣሳ ወጥተው የተተከሉት ቡናዎች ሰው አክለዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው።

ሚስተር ሮይ እንዲህ ይላል፤ «ውሸቱን የተናገርከው አንተ ነህ፣ እኔ ግን አልተታለልኩም። ሰውየው ትከሻው ላይ እርጥብ ቆዳ ተሸክሞ ነበር። ቆዳ ተሸክሞ ሰላምታ ሊሰጥ የሚመጣ ሰው የለም። ጠዋት አራተኛው ጉድጓድ ጋ ደም አይቼ ነበር። አንተ እንዳልነገርከኝ አውቄ፣ ስለተመቸኝ አልጠየቅሁህም። አሁን ከባሕሩ አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ የማስበው ያንን ፈገግታዬን ነው። ይህን ለእሱ ንገረው።»

ይህንን ለማለስለስ ምላሴን በላኝ። ላረጀ ሰው ምን ያደርግለታል አልኩ በልቤ። ግን እንዳለ ተረጎምኩት፤ ፈገግታውንም ሳልተው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ምንም አላስቀረህም?»

«ምንም አላስቀረሁም አባ ዲጋ።»

ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙና መታ መታ አደረጉት፤ ለካ ይቅርታውን የምናወራው እንዲህ ነበር።

«አየህ» አሉኝ፣ «ሙሴውም ተርጁማን አላስፈለገውም ነበር።»